መቶ በመቶ ስለሞላው ሰርቨር የቀረበ የምስጋና ደብዳቤ

ሰቆጣ፣ ሐምሌ 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ጌታሰው አሥራተ ማርያም
የመረጃ ማደራጃና የዘመናዊ አሠራር ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ትርፍ ቦታን አሟጠው ስለመጠቀምዎ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ ሲደርስ የክረምቱ ጉንፋን ሳይነካዎ፣ የቢሮዎ ጣሪያ ሳያፈስብዎ፣ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ፣ ወንበርዎም ከሥርዎ ሳይነቃነቅ እንዲያገኝዎ የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ አመልካቹ ቢምረው ደሴ እባላለሁ። ከገበያው መውረጃ ላይ ሬዲዮና ቴፕ የምጠግን፣ ካሴትም የምቀዳ የከተማዎ ነዋሪ ነኝ። በዚህ ዓመት በደጅዎ ብዙ ስለቆምኩ በስም ባይሆን በመልክ ሳያውቁኝ አይቀሩም። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩት፣ ማለትም አንዱን ቅጂ ለመዝገብ ቤትዎ ሰጥቼ ሌላውን በሱቄ በር ላይ የለጠፍኩት፣ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ምስጋና በስውር ሲሆን ጉቦ ይመስላል ብዬ ነው።

በሱቄ በር ላይ ቆሞ የሚያነብ እንግዳ ግራ እንዳይገባው አስቀድሜ የእኔን ሥራ ላስረዳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዋግ ወረዳዎች፣ ከደሃናም ከዝቋላም፣ ብዙ ሰው ለሰፈራ ወደ መተማ ቆላ ወረደ። እዚህ የቀረው ወገን አብዛኛው መጻፍ አይችልም፤ የሚችለውም የሚጽፈው በአማርኛ ሲሆን እናት ግን ልጇን የምትናፍቀው በአገሯ ቋንቋ በኽምጣና ነው። ስለዚህ ካሴት ደብዳቤ ሆነ። እናት እኔ ሱቅ ተቀምጣ ትናገራለች፤ ካሴቱ በሹፌር እጅ መተማ ይወርዳል፤ ልጅ ሰምቶ መልሱን እዚያው ካሴት ላይ ቀድቶ ይልካል። ካሴት እንደልብ ስለማይገኝ አንዱ እየተመላለሰ አዲሱ ድምፅ በአሮጌው ላይ ይደረባል። እንዲህ እያልን ስንኖር ነው የእርስዎን ትርፍ ቦታ ወሬ የሰማሁት።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ክፍሉ አመሰግናለሁ። ሰርቨር የሚባለው፣ የመሥሪያ ቤቶች ጽሑፍና ምስል ሁሉ የሚጠራቀምበት ትልቅ ኮምፒውተር፣ ወደ ከተማችን በመጣ ጊዜ ከመኪና ካወረዱት ሰዎች አንዱ ነበርኩና የተደረገለትን አቀባበል በዓይኔ አይቻለሁ። ማቀዝቀዣ ተገጠመለት፤ መጋረጃ ተሰፋለት፤ ጄኔሬተር ተመደበለት፤ ዘበኛ ቆመለት። መብራት ጠፍቶ ከተማው ሁሉ ሲጨልም የእርሱ መስኮት ብቻ ያበራል። ሰቆጣ ውስጥ በሚያዝያ ፀሐይ ብርድ ብርድ የሚለው ፍጡር እርሱ ብቻ ስለነበር ሁላችንም ኮርተንበታል። ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ጌታ ሥራ ይኖረዋል ብሎ የሚያስብ የለምና።

የመጀመሪያውን ወሬ የነገረችኝ የጽሕፈት ቤትዎ የኮምፒውተር ባለሙያ ወይዘሪት ማህደር ናት። ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች፣ ሥራ የተራበች ልጅ ናት። ሬዲዮዋን ልታሠራ መጥታ ስንጫወት፣ የሰርቨሩ ዲስክ ከመቶ እጅ ዘጠና ሁለቱ ባዶ እንደሆነ በቁጭት አጫወተችኝ። በተቀረው ስምንት እጅ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችና እርስዎ በአዲሱ ሺህ ዓመት መግቢያ ላይ ያደረጉት፣ በቪዲዮ የተቀረጸ ንግግር ይገኛሉ አለች። ንግግሩ ብክነትን ስለመዋጋት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ከነፋሱ ብዛት ድንኳኑ እየተርገበገበ መጨረሻውን በደንብ አልሰማነውም ነበር። ያን ያህል ባዶ ቦታ ካለ፣ የሰው ድምፅ ከካሴት ወደ እርሱ ተገልብጦ ቢቀመጥስ ብዬ ጠየቅኋት። ይቻላል አለች። እርሷ ይቻላል ያለችውን ይዤ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት፤ ሞኝነቴን ይቅር ይበሉኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ መጠባበቂያው አመሰግናለሁ። በጥቅምት ያስገባሁት ማመልከቻ ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ ሲዞር ከርሞ በታኅሣሥ መልስ አገኘ። መልሱ በአጭሩ፣ ባዶ የሚመስለው ቦታ ባዶ ሳይሆን ለክፉ ቀን የተያዘ መጠባበቂያ ስለሆነ ለግለሰቦች ጉዳይ ሊነካ አይችልም የሚል ነበር። ክቡርነትዎ፣ እኛ ዋጎች ስለ መጠባበቂያ ከማንም መማር የሚያስፈልገን አይመስለኝም ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ከልጅ ጉሮሮ ተርፎ ለዘር የሚቀመጠውን ማሽላ እናውቃለን። ነገር ግን እስከ ዛሬ የምናውቀው ለክፉ ቀን እህል ማስቀመጥን እንጂ ባዶ ጎተራ ማስቀመጥን አልነበረም። ይህን አዲስ ዘዴ ስላስተማሩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጎተራዬን ሳየው ራሴን ድሃ እያልኩ እኖር የነበርኩት ሰው፣ ለካ የብዙ መጠባበቂያ ባለቤት ኖሬያለሁ።

ሦስተኛ ደግሞ ስለ ፈቃዱ ነው። በስተመጨረሻ፣ ይመስለኛል መምጣቴ ሲሰለችዎ፣ በየካቲት በጊዜያዊነት ፈቀዱ። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና ውስጠ ወይራ የለበትም። ለወይዘሮ የሺመቤት የነገርኳቸው ዕለት የነበረውን ፊታቸውን ስላየሁ ነው።

ወይዘሮ የሺመቤትን እርስዎ አያውቋቸውም። ከዝቋላ በእግራቸው የሚመጡ ሴት ናቸው። ልጃቸው ምንዋጋው በ1996 ዓ.ም. ሚስቱን እርጉዝ ጥሎ ለሰፈራ ወረደ፤ አዝመራ ሲደርስ ሊወስዳት ነበር ሐሳቡ። አንዲት ካሴት ላከ። መልሱ ገና ሳይቀዳባት በወባ ሞተ። በአገራችን ሰው ከሩቅ ሲሞት ልብሱ ተዘርግቶ ይለቀስለታል፤ የምንዋጋው ልብስ ግን እዚያው ከእርሱ ጋር ቀርቷል። እናቱ ያቺን ካሴት በነጠላ ጠቅልለው ከለቅሶው መካከል አስቀመጧትና አገሩ ሁሉ በእርሷ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ማንም በድምፁ ላይ ሌላ ድምፅ እንዲደርብባት አልፈቀዱም።

ካሴቷ ላይ ያለው ብዙ ነገር አይደለም። ምንዋጋው ስለ ሙቀቱና ስለ ትንኙ ያማርራል፤ ቀንዷ የተሰበረችው ጥቁር ፍየል ወለደች ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ በራሱ ጥያቄ ይስቃል። ከኋላው አንድ ሰው ቶሎ በል፣ ሹፌሩ ሊሄድ ነው ይለዋል። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ “ሴት ከሆነች ዮርዳኖስ በሏት። አባትሽ ነው ስም ያወጣልሽ በሏት።” ልጅቷ ሴት ሆነች። ዮርዳኖስ ተባለች። እናትና አያት የተስማሙት ነፍስ ስታውቅ፣ ነገር ሲገባት፣ ከአባቷ አፍ እንድትሰማው ነበር።

ችግሩ ካሴት እንደ ሰው ነው፤ ያረጃል። ወይዘሮ የሺመቤት በመጡበት ገበያ ሁሉ ሱቄ ገብተው ይሰሙት ስለነበር ድምፁ እየሳሳ መጣ። ወደ ኋላ ላይ እኔም ስፈራ ጊዜ ቴፑ ተበላሽቷል፣ መብራት የለም እያልኩ እመልሳቸው ጀመር። የእርስዎን ባዶ ቦታ የፈለግሁት ለዚህ ነበር። ክቡርነትዎ የግለሰቦች ጉዳይ ያሉት ይህንን ነበር።

እና በየካቲት አንድ ቀን ሴትዮዋ ከዚያ ከቀዝቃዛው ክፍል ገቡ። ነጠላቸውን ተከናንበው እየተንቀጠቀጡ ተቀመጡ፤ ማህደር የጆሮ ማዳመጫ አደረገችላቸው። ድምፁ እንደ ዱሮው ጎልቶ መጣ። ሰምተው ሲጨርሱ አላለቀሱም። እንዲህ ሲደጋገም አይደክመውም ወይ ብዬ እንድጠይቅላቸው አዘዙኝና ወደ አማርኛ መለስኩት። ማህደር “አይደክመውም እማማ፣ ሺህ ጊዜ ቢሰሙትም ያው ነው” አለች። እርሳቸውም እጃቸውን በሣጥኑ ላይ አኑረው “እንግዲያ ከእኔ በኋላ ይቆያታል” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን መሣሪያ እኔም በሌላ ዓይን ማየት ጀምሬ ነበር።

ስንወጣ የንብረት ክፍልዎ ሰው አስቆሙን። ወደ መንግሥት ቤት የገባ ነገር ሁሉ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገቢ ሳይሆን ማደር አይችልም አሉ። ድምፅ እንዴት ገቢ እንደሚሆን ከተከራከርን በኋላ፣ ድምፁን ገቢ ማድረግ ስለማይቻል ካሴቶቹ ገቢ ይሁኑ ተባለ። ወይዘሮ የሺመቤት ደስ ብሏቸው ሰጡ። የመንግሥት ቤት ከጎጇቸው እንደሚሻል፣ አይጥ እንደሌለበት ነገሩኝ። የሌሎች ሰዎችም ካሴቶች እንዲሁ ገቡ። ሁሉም ደረሰኝ ተሰጣቸው፤ ደረሰኙ ላይ “ያገለገለ ካሴት” ይላል።

አራተኛ ልል ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን ግን በቁጥር መለየት ስላቃተኝ እንዲሁ እተርከዋለሁ።

ሰኔ መጣ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሠራ ሰው ሰኔ ምን እንደሆነ አይነገርም፤ ዓመቱን ሙሉ የተቆለፈ ካዝና የሚከፈትበት፣ ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ እንዳይሆን ወንበር የሚገዛበት፣ ወንበር ካለም ሌላ ወንበር የሚገዛበት የተባረከ ወር ነው። በዚህ ሰኔ ከበላይ የመጣው የዓመቱ ሪፖርት ቅጽ ላይ “የዲስክ አጠቃቀም በመቶኛ” የምትል መስመር ነበረች። የእርስዎ ቁጥር ስምንት ከምናምን ነበር። ያልተሠራበት ዲስክም እንደ በጀት ተነጥቆ ለሌላ ጽሕፈት ቤት ይሰጣል የሚል ወሬ ተነሣ፤ ማን እንዳስነሣው አይታወቅም። ወይዘሪት ማህደር ብትኖር ኖሮ ዲስክ እንደ ወንበር ተሸክመውት እንደማይሄዱ ታስረዳዎት ነበር፤ እርሷ ግን የዓመት ዕረፍቷን ወስዳ ደብረ ታቦር ነበረች።

የሚሾም ሰው ቆራጥ መሆን አለበት ይባላል። እርስዎ ቆራጥ ሆኑ። ለክፉ ቀን የተባለው መጠባበቂያ በአንድ ሳምንት ተሟጠጠ። የሺህ ዓመቱ ንግግርዎ ተገለበጠ፤ ደግሞ ተገለበጠ፤ ግልባጩም ተገለበጠ። ንግግር አንድ፣ ንግግር ሁለት፣ ንግግር ሦስት እየተባለ ስም እየወጣለት ዲስኩ አፉ እስኪደርስ ሞላ። ብክነትን ስለመዋጋት በአገራችን ይህን ያህል በብዛት የተቀመጠ ንግግር ያለ አይመስለኝም። ከእንግዲህ ድንኳን ቢርገበገብ አንሰጋም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቄ ዝም ባልኩ፤ ደብዳቤም ባልጻፍኩ። ነገር ግን የዕቅድ ክፍልዎ የሰርቨሩን ይዞታ ከዓመቱ ዕቅድ ጋር ሲያስተያይ፣ በዕቅድ ያልተያዙ ድምፆች አገኘ። ኽምጣና የሚናገሩ፣ ስለ ፍየል የሚጠይቁ፣ የሚስቁ ድምፆች። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ምን ይባላል ተባለ። ዋናዎቹ ካሴቶች በንብረት ክፍል ስለሚገኙ ቢሰረዙ ጉዳት የለውም ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተወሰነና ተሰረዙ። የለቀቁት ቦታም ሳያድር በንግግርዎ ተሸፈነ።

በዚያው ሳምንት በዚያው ግቢ፣ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው የዓመቱን ቆጠራ ያካሂድ ነበር። የተሰባበሩ ወንበሮች፣ የነተበ መጋረጃ፣ ከዚያም ያገለገሉ ካሴቶች። ይዘታቸው በሰርቨሩ ላይ ስለሚገኝ ቢወገዱ ጉዳት የለውም ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተወሰነና ከቢሮው ጀርባ ተቃጠሉ። የጢሱ ሽታ ሱቄ ድረስ ሸትቶኛል፤ ጎማ የሚያቃጥሉ መስሎኝ በሬን ዘጋሁ።

ሁለቱንም ውሳኔዎች አንብቤያለሁ። ሁለቱም በንጹሕ አማርኛ የተጻፉ ናቸው፤ ማኅተማቸው አንድ ነው፤ ፊርማውም አንድ ነው፤ የእርስዎ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት ሰዎች ሲሉ እሰማ ነበር። እርስዎ ግን የቆጡንም የብብትዎንም በአንድ ሳምንት ለመጣል ችለዋል፤ ለዚያውም በቃለ ጉባኤ።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ያጥረኛል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተናድጃለሁ። ማህደር ከዕረፍቷ ተመልሳ ነገሩን ስታውቅ ሱቄ መጥታ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያም ከሥራ ሰዓት ውጭ እየቆየች ድምፁን ለመመለስ ሞከረች። በላዩ ላይ ባይጻፍበት ኖሮ ይገኝ ነበር አለችኝ፤ የተሰረዘ ነገር ወዲያው አይጠፋም፣ የሚጠፋው ሌላ ነገር ሲደረብበት ነው አለች። እኔም እሱን አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። እኛም በካሴት ላይ ድምፅ በድምፅ እንደርባለን። ልዩነቱ እኛ የምንደርበው መልስ ነው።

ቅጣት አልጠይቅም፤ ቢቀጡ ምንዋጋው አይናገርም። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በሱቄ መደርደሪያ ላይ ወደ ቢሮዎ ገና ያልገቡ ካሴቶች አሉ፤ ባለቤቶቻቸው የደሃና ሰዎች ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው ሲዘገይ አንዳንዴ ይጠቅመዋል። ክቡርነትዎ ከእነዚያ ሁሉ ንግግሮች መካከል አንዱን ብቻ፣ መጨረሻ የተገለበጠውን፣ ቢሰርዙልን ሁሉም ይገቡበታል። ንግግርዎ ምንም አይጎድልበትም። ሪፖርትዎም እንደሞላ ይቆያል፤ የሰው ድምፅም ቦታ ይይዛል። ካሴቶቹን ግን በሞዴል አሥራ ዘጠኝ አልሰጥም።

የሁልጊዜም አድናቂዎ፣ ባዶ ጎተራ ጠባቂ፣ የተቆረጠ ገመድ ቀጣይ ሆኜ፣ ሪፖርትዎ ከበላይ ዘንድ ተመስግኖ እንዲመለስልዎ፣ ወንበርዎም እንደ ዲስኩ ሞልቶ እንዲቆይልዎ በመመኘት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ቢምረው ደሴ
ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ፣ ሰቆጣ

ግልባጭ፦
ለዕቅድ ክፍል፣ በዕቅድ ያልተያዘ ደብዳቤ ስለሆነ እንዳይደነግጡ
ለንብረት ክፍል፣ አንብበው ከማቃጠላቸው በፊት ሌላ ቅጂ መኖሩን እንዲያረጋግጡ
ለወይዘሪት ማህደር፣ ከእውነተኛ አክብሮት ጋር

ሳልጨርሰው የቀረ፦ ወይዘሮ የሺመቤት በመጪው ገበያ ከልጅቷ ጋር እንደሚመጡ መልእክት ልከውብኛል። ዮርዳኖስ አራት ዓመቷ ነው፤ የሚነገራት ሁሉ ይገባታል፣ አሁን ትስማ ብለዋል። ለድምፁ ጠባቂ የሚሆን ነጭ ማርም ይዘዋል። ካሴቱ እኔ ዘንድ እንደሌለ ስለሚያውቁ የሚመጡት ወደ እርስዎ ቢሮ ነው። ድምፁ መጥፋቱን እኔ ልነግራቸው ሁለት ቀን አስቤ አልቻልኩም። አማርኛ እምብዛም አይሰሙምና ለማስተርጎም ከበሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ፤ እርስዎ ለልጅቷ የሚሏትን፣ አንድም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ በአባቷ ቋንቋ እነግራታለሁ።